ማደሪያና መዋያ፦ በሐሮማያ ሰማይ ስለሚያልፉት ክሬኖች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በሥራ ምክንያት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር አዘውትረው ከሚመላለሱ መምህር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሐሮማያ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፉ ቁመታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎችን በታጨደ የማሽላ ማሳ ላይ በመንጋ ሆነው የሚያዩበት ዓመት አለ፤ በሌላ ዓመት ግን ጩኸታቸው ከሰማይ ይሰማል እንጂ አንዳቸውም አያርፉም። ጠያቂያችን ሦስት ነገር ማወቅ ይሻሉ። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ተመልሶ እያለ ወፎቹ ለምን በየዓመቱ አያርፉም? ሲያርፉስ ለምን ከውኃው ይልቅ ማሳ ላይ ይታያሉ? ሐይቁ ዳር እህል ቢበተንላቸውስ ይቀመጡ ይሆን?

ከዋናው ነገር ልጀምር። ጠያቂያችን ያዩት ረጅም ወፍ ክሬን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ክሬን ሐይቅ አይመርጥም፤ የሚመርጠው እርስ በርሳቸው የማይራራቁ ሁለት ቦታዎችን ነው። አንዱ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድርበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ሌላው ቀኑን ሲለቅም የሚውልበት ገላጣ ማሳ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ምንም ያህል ቢመች ቦታው ማረፊያ መሆኑ ይቀራል። በሐሮማያ ተፋሰስ ደግሞ እንደ እኔ ግምት ይበልጥ የጎደለው፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የውኃው ብዛት ሳይሆን የውኃው ዳርቻ ነው። የሚከተለው ሁሉ ይህን ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

አስቀድሞ ግን የታየው ወፍ በእርግጥ ክሬን መሆኑን ማጣራት ይገባል፤ ምክንያቱም ረጅም እግር ያለው ወፍ ሁሉ በተለምዶ ሽመላ ይባላል፣ የሽመላና የክሬን ምርጫ ግን አንድ አይደለም። ነጩ ሽመላም በዚሁ ወቅት ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ይመጣል፤ ነገር ግን አካሉ ነጭ፣ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ መንቆሩና እግሩ ቀይ ነው፤ ድምፅም የለውም ማለት ይቻላል፤ መንቆሩን ብቻ ያንቋቋል። ሄሮን የሚባለው ግራጫ ወፍ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ ብዙውን ጊዜም ለብቻው ውኃ ዳር ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል እንጂ በመንጋ ሆኖ ማሽላ አይለቅምም። ግራጫው ክሬን ሲበር አንገቱን ከፊት፣ እግሩን ከኋላ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ አንገቱ ጥቁር ሆኖ ከዓይኑ ጀርባ ነጭ መስመር ይወርድበታል፤ ካደገ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ሲቆም የክንፉ ላባዎች ጅራቱ ላይ ዘንፈል ብለው ይወርዳሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስታውቀው ድምፁ ነው። የአየር ቧንቧው በደረቱ አጥንት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ጩኸቱ እንደ መለከት ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል። ጠያቂያችን ከሰማይ ሰማሁ ያሉት ጩኸት ብቻውን ለክሬን ጥሩ ምስክር ነው፤ ሽመላ እንዲያ አይጮኽም።

በኢትዮጵያ አራት የክሬን ዝርያዎች ይገኛሉ። ሁለቱ፣ ማለትም ጥቁር አክሊላማው ክሬንና ከጉንጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን፣ እዚሁ የሚራቡ ነዋሪዎች ናቸው፤ በሐረርጌ ደጋ የሚያልፍ መንጋ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ አይደሉም። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ግራጫው ክሬንና ከእሱ የሚያንሰው ደሞይዜል ክሬን፣ ፍልሰተኞች ናቸው። የጠያቂው መግለጫ ከግራጫው ክሬን ጋር ስለሚስማማ ከዚህ በኋላ ክሬን ስል እሱን ማለቴ ነው። ይህ ወፍ የሚፈለፈለው ከስካንዲኔቪያ አንሥቶ በሩሲያ በኩል እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ረግረጋማ ምድር ነው። ምዕራባውያኑ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስፔን ይወርዳሉ፤ ከምሥራቁ ወገን ከፊሎቹ በቱርክና በእስራኤል አድርገው እስከ ኢትዮጵያ ይዘልቃሉ። በአገራችን በብዛት የሚታወቁት በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይም በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ሲሆን፣ በዚያ በሺዎች ሆነው በጋውን ያሳልፋሉ። መምጫቸው ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር፣ መመለሻቸው የካቲትና መጋቢት ነው።

ይህን ያነሣሁት አንድ ልዩነት ለማሳየት ነው። በጋውን ሙሉ የሚከርሙበት ቦታና በጉዞ መካከል ለጥቂት ቀናት የሚያርፉበት ቦታ አንድ ዓይነት መመዘኛ የላቸውም። ለመክረም የመጣ ወፍ ለወራት የሚበቃ ምግብ ይሻል፤ ቦታውንም ቀስ እያለ ያጠናዋል። መንገደኛው ግን ያየውን ወዲያው መመዘን፣ በአጭር ጊዜ ስብ ማጠራቀምና ከአዳኝ ማምለጥ አለበት። ስለዚህ መንገደኛ ክሬን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዝነው ደኅንነትን ነው፤ ምግቡ ቀጥሎ ይመጣል።

ወደ ማደሪያው እንምጣ። ክሬን ዛፍ ላይ አይሰፍርም። የኋላ ጣቱ አጭርና ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የተተከለ ስለሆነ ቅርንጫፍ መጨበጥ አይችልም። ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሆን ወፍ በመሆኑም በድንገት ከመሬት ለመነሣት ጥቂት እርምጃ መንደርደር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ ሌሊት መሬት ላይ ቢተኛ የጅብና የቀበሮ ሲሳይ ይሆናል፤ ሐረርን የሚያውቅ ሰው ስለ ጅብ እንዲነገረው አያስፈልግም። መፍትሔው ውኃ ውስጥ ቆሞ ማደር ነው። የሚመቸው ጥልቀት ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ካነሰ አዳኙ ድምፅ ሳያሰማ ይደርሳል፤ ከዚህ በጣም ከበዛ ወፉ መቆም ያቅተዋል፤ ምክንያቱም ክሬን እንደ ዳክዬ እየዋኘ አያድርም። በልኩ ከሆነ ግን የሚጠጋ ማንኛውም እንስሳ ውኃውን ሳያንቦጫርቅ አይመጣም፤ ያን ጊዜ አንዱ ወፍ ሲጮኽ መንጋው ሁሉ ይነሣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ለክሬን የሐይቅ ስፋትና ጥልቀት ራሱ ፋይዳ የለውም። ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻው ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ መቆሚያ ቀበቶው ጥቂት ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከእሱ በኋላ ገደል ነው። ውኃው ጥቂት ሆኖ ሜዳ ላይ ከተኛ ግን መቶ ሜትሮች የሚሰፋ ማደሪያ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው፣ ማደሪያው ዙሪያውን የሚያሳይ መሆን አለበት። በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት የፕላት ወንዝን ማረፊያቸው ያደረጉ የሌላ ዝርያ ክሬኖች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በየዓመቱ በጸደይ መግቢያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች በዚያ ወንዝ ላይ ያርፋሉ። ወንዙ ድሮ ሰፊ፣ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ነበረ። ውኃው ከላይ በግድብና በመስኖ ተጠልፎ ፍሰቱ ሲቀንስ አሸዋው ላይ ዛፍና ቁጥቋጦ በቀለ፤ የውኃው መንገድም ጠበበ። ወፎቹ ቁጥቋጦ ያጠበባቸውን ክፍሎች ትተው ሰፊና ገላጣ ሆነው በቀሩት ላይ ተጨናንቀው ያድራሉ። ውኃ በሁለቱም ክፍል አለ፤ ልዩነቱ ወፉ ከቆመበት ዙሪያውን ማየት መቻሉና አለመቻሉ ነው።

አሁን ሐሮማያን እንመልከት። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሳብ ነበር፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በየአቅጣጫው የውኃ ሞተር ተተክሎ ነበር፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ጎድጓዳውን ይሞላው ነበር። የጎረቤቱ የአዴሌ ዕጣም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው መመለሱ ትልቅ የምሥራች ነው። ነገር ግን ውኃው ሲመለስ ዳርቻው ባዶ አልጠበቀውም። ሐይቁ በሸሸባቸው ዓመታት የታረሰው መሬት ዛሬም እየታረሰ ነው፤ ውኃው በበጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ሽንኩርት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይከተለዋል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ለገበሬውም እንጀራው ነው። ክሬኑ በኅዳር የሚፈልገው ግን ይህንኑ ውኃው እንዳፈገፈገ የሚቀረውን ጭቃማና ጥልቀት የሌለው ቀበቶ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ንጋት ሳይቀድ ሰው ይደርሳል፣ ሞተር ይነሣል፣ ውሻ ይከተላል።

ይህ ዓመት ከዓመት የሚለያይበት ምክንያት አሁን ግልጽ ሊሆን ይገባል። የክረምቱ ዝናብ በመስከረም ሲያበቃ ሐይቁ በምን ከፍታ ላይ እንደቀረ፣ ከዚያ እስከ ኅዳር ምን ያህል እንደወረደ፣ የወረደውም በገደላማው በኩል ይሁን በሜዳማው በኩል፣ ማደሪያው መኖር አለመኖሩን ይወስናል። ግማሽ ሜትር የውኃ ከፍታ ልዩነት ለእኛ ዓይን ምንም አይመስልም፤ ለክሬን ግን ማደሪያው አለ ወይም የለም ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ሐይቁ ይበልጥ የሞላበት ዓመት ወፎቹ ያላረፉበት ዓመት ቢሆን አይግረምዎት።

ቀጥሎ መዋያው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ጠያቂያችን ያዩት እሱን ነው። ክሬን ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ወፍ ነው፤ ትል፣ አንበጣ፣ ጥንዚዛ፣ ሥራሥር፣ ጥራጥሬ ይበላል። በጉዞ ወቅት ግን ኃይል የሚሰጠው እህል ስለሆነ ከሁሉ የሚመርጠው ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ቃርሚያ ነው። በፕላት ወንዝ ዋናው ምግብ ከኮምባይነር የተረፈ በቆሎ ነው፤ በስፔን ገብስና ስንዴ ነው፤ በስዊድን ሆርንቦርጋ ሐይቅ ዙሪያ ክሬኖች መሰብሰብ የለመዱት ማሳ ላይ በቀረ ድንች ምክንያት ነበር። በእስራኤል ሁላ ሸለቆ ኦቾሎኒ ከተነቀለ በኋላ አፈር ውስጥ የሚቀረውን እየቆፈሩ ይለቅማሉ። እነዚህን እህሎች ልብ ይሏል፤ በቆሎም፣ ድንችም፣ ኦቾሎኒም በሐረርጌ አሉ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛው ችግር የአጨዳ ጊዜና መልክ ነው። የሐረርጌ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ነው፤ ክሬን ቆሞ በሚገኝ ማሽላ ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም ከአንገቱ በላይ የሆነ ሰብል ዓይኑን ይጋርደዋል። ስለዚህ ማሳው መዋያ የሚሆነው አገዳው ተቆርጦ ከተነሣ በኋላ ብቻ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ አጨዳው ወደ ታኅሣሥ በተገፋበት ዓመት፣ መንጋው በኅዳር ሲመጣ የሚያገኘው ደን የመሰለ ማሽላ ነው። ሁለተኛው ችግር የቃርሚያው ማነስ ነው። በእጅ የሚታጨድ ማሽላ ዘለላው እየተቆረጠ የሚሰበሰብ በመሆኑ መሬት ላይ የሚቀረው ፍሬ በማሽን ከሚታጨደው እጅግ ያንሳል፤ አገዳውም ለሰንጋ ማድለቢያና ለማገዶ ተለቅሞ ይወሰዳል። የገበሬው ጥንቃቄ ለወፉ ረኀብ ነው ማለት ባይሆንም፣ በአንድ ሄክታር ላይ የሚበላው ጥቂት ስለሚሆን መንጋው ብዙ ሄክታር ያስፈልገዋል።

ሦስተኛውና ይበልጥ አሳሳቢው ጫት ነው። ጫት ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚኖር ተክል ነው፤ ለክሬን የሚሆን አንዳች ፍሬ የለውም፣ እይታውን ይጋርዳል፣ ከዚህም በላይ ሌት ተቀን ይጠበቃል። ከሐሮማያ እስከ አወዳይ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የማሽላው ማሳ እየተቆራረጠ በጫት መካከል እንደ ጠባብ መስኮት ሲቀር፣ ስፋቱ ተደምሮ ብዙ ሄክታር ቢሆን እንኳ ለክሬን አይቆጠርለትም። መንጋው ከዳርቻው መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ መቆም ይፈልጋል፤ ጠባብ ማሳ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ዳርቻ ነው። ጫት ተከላውን ለመኮነን አይደለም ይህን የምለው፤ የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነን ተክል ወፍ አይወደውም ብሎ ንቀሉ የሚል ባለሙያ ሰሚ አያገኝም፣ ማግኘትም የለበትም።

ኦቾሎኒው ያለው በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም በኩል ነው። እዚያ መሬቱ ገላጣ ነው፤ ምግቡም ይመቻል። የጎደለው ማደሪያው ነው። ክሬን ከማደሪያው ወደ መዋያው በየቀኑ የሚመላለሰው ብዙውን ጊዜ በ10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ነው፤ ሲቸገር እስከ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያም ጥቂት አልፎ ይሄዳል። ክንፉን እያርገበገበ የሚያደርገው የጠዋትና የማታ ምልልስ ስብ የሚያቃጥል ስለሆነ፣ ርቀቱ ሲጨምር ከምግቡ የሚያገኘው ትርፍ ይቀንሳል። በብዙ ማረፊያዎች መንጋው መጀመሪያ ለማደሪያው የቀረበውን ማሳ ለቅሞ ሲጨርስ ቀስ በቀስ ወደ ሩቁ ይሻገራል። ከሐሮማያ እስከ ባቢሌ ያለው ርቀት ግን ለዕለት ምልልስ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ በሐረር ዙሪያ ማደሪያ የሚሆነው ውኃ በአንድ ወገን፣ ከሁሉ የተሻለው መዋያ በሌላ ወገን ተለያይተው ቀርተዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለምን ከውኃው ይልቅ ማሳ ላይ ይታያሉ የሚለው፣ መልሱ ከወፉ ይልቅ ከተመልካቹ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ጠያቂያችን የሚያልፉት በቀን ነው፤ በቀን ክሬን መዋያው ላይ ነው። ማደሪያው ላይ የሚደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንዳንዴም ከመሸ በኋላ ሲሆን፣ የሚለቀውም ገና ሲነጋ ነው። በተጨማሪም ከመንገድ የሚታየው ማሳ ከመንገድ ስለሚታይ ብቻ በዓይን ይሞላል። የመኖሪያ አካባቢ ምርጫን የምናጠና ሰዎች አጥብቀን የምንጠነቀቀው እዚህ ላይ ነው። ወፍ በብዛት የታየበት ቦታና ወፍ የመረጠው ቦታ አንድ አይደሉም። ምርጫ የሚባለው፣ ወፉ የተጠቀመበት ነገር በአካባቢው ካለው ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለማሳያ ያህል ብቻ፣ ከአካባቢው መሬት ከመቶ 10 እጁ የታጨደ ማሳ ሆኖ ከወፎቹ ከመቶ 60 የሚሆኑት በእሱ ላይ ቢገኙ፣ ማሳውን ከድርሻው ስድስት እጥፍ መርጠውታል እንላለን። መሬቱ ሁሉ የታጨደ ማሳ ቢሆን ግን ወፎቹ ሁሉ በማሳ ላይ መታየታቸው ስለ ምርጫቸው ምንም አይነግረንም።

ምርጫው በተለያየ ደረጃ እንደሚካሄድም ማወቅ ይጠቅማል። ዳግላስ ጆንሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ዝርያው በምድር ላይ የሚገኝበት ወሰን፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ወፉ የሚይዘው አካባቢ፣ በአካባቢው ውስጥ የሚጠቀምባቸው ቦታዎች፣ በመጨረሻም በቦታው ላይ የሚለቅመው ምግብ። በሐሮማያ ላይ የሚሰጡ አስተያየቶች ብዙዎቹ የሚስቱት አራተኛውን ደረጃ ከሦስተኛው በፊት ስለሚያስቀምጡ ነው። ምን ይበላል ብሎ ከመጠየቅ በፊት የት ያድራል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አንዳንድ ዓመት ድምፃቸው ብቻ የሚሰማበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ ከሐይቁ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ክሬን በቀን ሲጓዝ ከሞቀ መሬት የሚነሣውን አየር ተጠቅሞ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይሄዳል። ከድሬዳዋ ቆላ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ተዳፋት በፀሐያማ ቀን ለዚህ እጅግ የሚስማማ ነው። እኩለ ቀን ላይ በሐሮማያ ላይ የሚያልፍ መንጋ አየሩ ገና እያገዘው ስለሆነ ለመውረድ ምክንያት የለውም። ያው መንጋ ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢደርስ፣ የሚያነሣው አየር እየደከመ ስለሆነ ማደሪያ መፈለግ ይጀምራል። የነፋስ አቅጣጫና የደመና ሁኔታ ደግሞ በየዓመቱ ይለያያል። ስለዚህ ያላረፉበትን ዓመት ሁሉ የቦታው ጥፋት አድርጎ መቁጠር አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከእኔ ግምት የሚመነጭ ነው። የክሬን ጫጩት መንገዱንና ማረፊያውን የሚማረው የመጀመሪያውን ጉዞ ከወላጆቹ ጋር በመብረር ነው። ቤተሰቡ አብሮ ይጓዛል፣ አብሮ ይለቅማል፣ አብሮ ያድራል። ሐይቁ ደርቆ በቆየባቸው ዓመታት የተፈለፈሉት ወፎች ሐሮማያን እንደ ማረፊያ የሚያውቁበት አጋጣሚ አልነበረም፤ የሚያውቁትም አሮጌዎች እያለቁ ሄደዋል። ውኃው ቢመለስም የቦታው ትውስታ በመንጋው ውስጥ ወዲያው አይመለስም። ጥቂቶች በአጋጣሚ አርፈው፣ ተመችቷቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ነው የሚጸናው። በአንዳንድ ዓመት ብቻ መታየታቸው ምናልባት የመጥፋት ሳይሆን የመጀመር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ተስፋ የሚሰጠው የሁላ ታሪክ ነው፤ ከሐሮማያ ጋር የሚመሳሰልበትም መንገድ አለው። የሁላ ሐይቅና ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ እንዲደርቅ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ እንደገና በውኃ ተሸፈነ። አዲሱ ውኃ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነበረ፤ በዙሪያው ደግሞ የኦቾሎኒና የበቆሎ ማሳ ነበረ። ማደሪያና መዋያ ጎን ለጎን ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የሚያልፉት ክሬኖች እያረፉ፣ ብዙዎቹም ወደ አፍሪካ መዝለቁን ትተው በዚያው እየከረሙ፣ ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች ደረሰ።

ይህ ሦስተኛውን ጥያቄ፣ እህል ቢበተን የሚለውን፣ ለመመለስ ይረዳል። በሁላ እህል ይበተናል። የሚበተነው ግን ወፎቹን ለመሳብ አይደለም፤ የበቀለ ሽምብራና ሌላ ሰብል ሲያጠፉ ገበሬዎች ስላማረሩ፣ ከሌላው ማሳ እያባረሩ በአንድ በተወሰነ ቦታ በቆሎ በመስጠት ጉዳቱን ለማሳነስ ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ የሚሠራውም ገበሬዎች፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችና መንግሥት ተባብረው ስለሚይዙት ነው። አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን በሁላ ሲነሣ በአንድ ቦታ የታጨቁት ክሬኖች በሺዎች ሞቱ። ስለዚህ ለጠያቂያችን የምሰጠው ምክር አይሆንም የሚል ነው። ማደሪያ ሳይኖር እህል መበተን ለእርግብና ለዶሮ ቀለብ መስጠት ነው፤ ማደሪያ ካለ ደግሞ ለጥቂት ቀናት የሚያርፍ መንጋ ከማሳው የሚለቅመው ይበቃዋል።

የሚሠራ ነገር ካስፈለገ ዳርቻው ላይ ነው የሚሠራው። ከሐይቁ ሜዳማ ወገን አንዱን መርጦ፣ ባለይዞታዎቹ የሚስማሙበትን ዋጋ ከፍሎ ወይም ሌላ ጥቅም አስገኝቶ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ውኃው ጠርዝ ሳይታረስ ማቆየት ይቻላል። ሌላው ነገር ቀላል ነው፤ በዚያ ወገን ያሉት የውኃ ሞተሮች ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማለዳ አንድ ሰዓት እንዳይነሡ መስማማት። ጠርዙ ላይ ባሕር ዛፍ አለመትከልም ያስፈልጋል፤ ዛፍ መትከል ሁሉ በጎ ሥራ የሚሆንበት ዘመን ላይ ስለሆንን ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፣ ነገር ግን በዚህ ቦታ ዛፉ የወፉን ዓይን ይሸፍናል። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ከሆነም በማደሪያውና በመዋያው መካከል እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል፤ በጭጋግና በምሽት ከሽቦ ጋር መጋጨት ክሬኖችን በብዙ አገር የሚገድል ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማደሪያው በእርግጥ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ይህንንም ጠያቂያችን ራሳቸው ሊያግዙ ይችላሉ። ማሳ ላይ መንጋ ያዩ ዕለት ወደ ወፎቹ አይጠጉ። ከመንገዱ ሳይወጡ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምረው ይጠብቁ፤ ሲነሡ የሄዱበትን አቅጣጫ ይያዙ። ወደ ሐሮማያ ውኃ ከወረዱ የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ከሄዱም ወዴት እንደሆነ ይጻፉ። ውኃው በዚያ ዕለት ከየትኛው ቋሚ ምልክት ላይ እንደደረሰ፣ ማሽላው ታጭዶ እንደሆነ፣ ወፎቹ ሲደርሱ ወይም ሲያልፉ ስንት ሰዓት እንደነበረ አብሮ ይመዝገብ። ያላረፉበት ቀንም በዚሁ መልክ መመዝገብ አለበት፤ ለእኛ ካረፉበት ቀን እኩል ይጠቅመናልና።

ማስታወሻው ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሊሰጥ ይችላል። በአገራችን የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በጥር አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ በኅዳር ያለፈው መንገደኛ መንጋ ሄዷል፤ ስለዚህ ቆጠራው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ የጉዞ ማረፊያ የሆነ ቦታን ባዶ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ መንገድ አዘውትሮ የሚመላለስ ሰው የሚጽፈው ማስታወሻ ይህንን ክፍተት ይሞላል።